ፓነሉ ፀሐይ ላይ፣ ድንጋዩ ጥላ ውስጥ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ውድ አንባቢያን፣ በዚህ ዙር ከደረሱን ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ትንሽ ተንቀሳቃሽ ሶላርና ስለ ቤት ድንጋይ ስለሆኑ አንድ ላይ ሰብስቤ ልመልሳቸው። ድንጋይ ስል ሬዲዮና የእጅ ባትሪ ውስጥ የሚገባውን ማለቴ ነው፣ ቻርጅ የሚደረገውንም ተጠቅመው የሚጥሉትን ተራውንም። መብራት በሌለበት ገጠር ለድንጋይ የሚወጣው ብር በየገበያው ቀኑ ትንሽ ትንሽ ስለሆነ አይታይም እንጂ ዓመቱን ሲደምሩት ቤተሰብ የሚጎዳ ብር ነው፣ ስለዚህ አንዳንዱን መልስ ረዘም አድርጌዋለሁ።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። መንዝ ውስጥ ገጠር ትምህርት ቤት የማስተምር መምህር ነኝ፣ መብራት የለንም። 10 ዋት የሚል ታጣፊ ሶላር ገዛሁ ዩኤስቢ አለው፣ አራት ደብል ኤ የሚይዝ የዩኤስቢ ቻርጀርም ከነድንጋዮቹ ገዛሁ፣ ድንጋዮቹ ላይ 2000 ኤምኤኤች (ሚሊአምፒር ሰዓት፣ ድንጋዩ ምን ያህል እንደሚይዝ የሚነግረው ቁጥር) ይላል። ጠዋት ሶላሩ ላይ ሰክቼው ክፍል እገባለሁ። ስመለስ አንዳንዴ ቻርጀሩ አረንጓዴ አብርቶ አገኘዋለሁ ግን ድንጋዮቹ ሬዲዮ ውስጥ ሲገቡ አንድ ምሽት አይቆዩም፣ ሌላ ቀን ደግሞ በእጅ አይነኩም ያቃጥላሉ። ሶላሩ ነው የተበላሸው ወይስ ድንጋዩ?

መልስ፦ መምህር፣ ሶላሩም ድንጋዩም ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም። ችግሩ የተገናኙበት መንገድ ነው። ያ ቻርጀር የተሰራው ቀጥ ብሎ ለሚመጣ፣ ለማይቆራረጥ ኃይል ነው፣ ከፀሐይ የሚመጣው ግን ደመና ባለፈ ቁጥር ይወርዳል ይወጣል።

የእርስዎ ድንጋይ ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ የሚባለው ነው፣ እኔ ባጭሩ ኒኬል እለዋለሁ። ኒኬል ቻርጅ ሲደረግ ቮልቱ እየወጣ እየወጣ ይሄድና ሊሞላ ሲል ጫፍ ይደርሳል፣ ከዛ ትንሽ ወረድ ይላል። ይሄ መውረድ በአንድ ድንጋይ ከ5 እስከ 10 ሚሊቮልት ቢሆን ነው፣ ማለትም ከአንድ ቮልት መቶኛ አይበልጥም። ደህና የሚባል ቻርጀር አፍጥጦ የሚጠብቀው እሷን ነው፣ ሲያያት ሞልቷል ብሎ ይዘጋል። እንግዲህ ደመና አለፈ እንበል፣ ከሶላሩ የሚመጣው ኃይል ሲቀንስ የድንጋዩም ቮልት አብሮ ይወርዳል፣ ቻርጀሩ ይሄንን እንደ ሙላት ይቆጥረውና አረንጓዴ ያበራል። ሬዲዮው አንድ ምሽት የማይቆየው ለዚህ ነው፣ ድንጋዩ ግማሽም አልሞላማ። ደመናው ወፈር ካለ ደግሞ ቻርጀሩ ጭራሽ ይጠፋል፣ ፀሐይ ስትመለስ እንደ አዲስ ይነሳል፣ ብዙ ቻርጀሮች ላይ ድንጋዩ ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚዘጋ የሰዓት ቆጣሪ አለ እሱም ከዜሮ ይጀምራል፣ እና ቀድሞ የሞላ ድንጋይ ላይ ሌላ ሰዓታት ይጨመርበታል። የሞላ ድንጋይ ውስጥ የሚገባ ኃይል መጠራቀሚያ ስለሌለው ሙቀት ሆኖ ነው የሚወጣው። የሚያቃጥልዎት እሱ ነው፣ እንደዛ ደጋግሞ የጋለ ድንጋይ ደግሞ ዕድሜው ቶሎ ያልቃል።

መፍትሄው መሃል ላይ ፓወር ባንክ ማስገባት ነው። ቀን ሶላሩ ፓወር ባንኩን ይሙላ፣ ማታ ፓወር ባንኩ ድንጋዮቹን ይሙላ። ፓወር ባንክ ውስጥ ያለው ሊቲየም ነው፣ ሊቲየም ደግሞ ሙላቱ የሚታወቀው የተወሰነ ቮልት ላይ ሲደርስ ስለሆነ በቀን አስር ጊዜ ቢቋረጥ ከቆመበት ይቀጥላል እንጂ አይደናገርም። ማታ ቻርጀሩ የማይዋዥቅ 5 ቮልት ያገኛል፣ ያቺን ትንሽዬ መውረድ በትክክል ያያታል፣ በሰዓቱ ይዘጋል። በዛ ላይ የመንዝ ማታ ቀዝቃዛ ነው፣ ለኒኬል ይሄ ትልቅ ነገር ነው ምክንያቱም ከ40 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ቻርጅ በደንብ አይቀበልም። ፓወር ባንኩንም ቢሆን ቀን ፀሐይ ላይ አይተዉት። ታጣፊ ሶላር ጀርባ ላይ ያለችው ኪስ ገመድ መያዣ ናት፣ ቻርጅ በሚደረግበት ሰዓት ምንም ነገር እዛ ውስጥ መቀመጥ የለበትም፣ የፓነሉ ጀርባ እንደ ምጣድ ነው የሚግለው። ረዘም ያለ ገመድ ይግዙና ፓወር ባንኩ ጥላ ውስጥ ይሁን።

አሁን ሂሳቡን እንይ፣ ምን ያህል መጠበቅ እንዳለብዎ እንዲያውቁ። 10 ዋት የሚለው ቁጥር የተለካው በካሬ ሜትር 1000 ዋት ብርሃን ላይ ሆኖ ሴሉ (ፓነሉ ውስጥ ብርሃኑን የሚቀበለው ክፍል) ራሱ 25 ዲግሪ ብቻ ሲሆን ነው። ውጭ ፀሐይ ላይ ሴሉ 50 ዲግሪ 60 ዲግሪ ይደርሳል፣ በእያንዳንዱ ዲግሪ ጭማሪ ደግሞ ከ100 እጅ 0.4 ገደማ ያጣል፣ ወደ 5 ቮልት የሚቀይረው ነገርም የራሱን ይበላል፣ ስለዚህ በእጅ የሚገባው 6 ወይም 7 ዋት ነው። በደህና የበጋ ቀን አምስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ቢቆጠር 30 ዋት ሰዓት ገደማ ሆነ፣ ፓወር ባንኩ ሲያስገባና ሲያወጣ የሚያባክነው ሲቀነስ 22 እንበል። አራቱ ድንጋዮችዎ ደግሞ እያንዳንዳቸው 1.2 ቮልት በ2000 ሚሊአምፒር ሰዓት ናቸው፣ 2.4 ዋት ሰዓት፣ አራቱ አንድ ላይ 9.6። ግን ኒኬል ያስገቡለትን ሁሉ አይዝም፣ ቻርጀሩም ይበላል፣ ስለዚህ ለአራቱ 15 ወይም 16 ያስፈልግዎታል። ያንን ችሎ ስልክዎ ላይ ትንሽ ይጨምራል። 10000 ኤምኤኤች የሆነ እውነተኛ ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ይይዛል፣ የአንድ ቀን ፀሐይዎ ሙሉ ለሙሉ ይገባበታል፣ ከዛ የሚበልጥ መግዛት ለዚህ ሶላር አያስፈልግም።

አንድ ነገር ልጨምር፣ አንዳንድ ፓወር ባንክ የሚወስድበት ኃይል በጣም ትንሽ ሲሆን በራሱ ይጠፋል። አራቱንም ድንጋይ አንድ ላይ ሲሰኩ ብዙ ጊዜ ይሄ አይገጥምም፣ አንድ ብቻ ሲሆን ነው የሚያስቸግረው።

ጥያቄ፦ እናቴ የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም አውጥታ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለች፣ ከዛ ትንሽ ይሰራል። ይሄ ከሶላር በምን ይለያል? ፀሐይ ድንጋዩን ቻርጅ ያደርገዋል ማለት ነው? (ከወልዲያ)

መልስ፦ እናትሽ ያዩት ነገር እውነት ነው፣ ይሰራል፣ ግን ቻርጅ ሆኖ አይደለም እህቴ። ተራው ድንጋይ ውስጥ ኃይል የሚሰጠው ኬሚካል ሲደክም ስራው ይዘገያል፣ ሙቀት ደግሞ ያፈጥነዋል፣ ስለዚህ ውስጡ ቀርቶ የነበረው ጥቂት ነገር ይወጣል። እረፍት ማግኘቱ ራሱም ትንሽ ያግዘዋል። ከፀሐይ የገባ አዲስ ኃይል ግን የለም፣ ፀሐይን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ፓነሉ ውስጥ ያለው ሲሊከን ነው፣ ድንጋዩ ያንን አያደርግም። ፀሐይ ላይ አስጥቶ መጠቀሙ ለአንድ ሁለት ቀን ጉዳት የለውም፣ ከዛ በኋላ ሬዲዮው ውስጥ እንዳይቆይ ብቻ ንገሪያቸው፣ ያለቀ ድንጋይ ነው የሚያፈሰውና የሬዲዮውን ሽቦ በልቶ የሚጨርሰው።

በጣም የምለምንሽ ግን ሌላ ነው፣ ተራውን ድንጋይ ቻርጀር ውስጥ አታስገቡት። ቻርጅ የሚደረግ ካልሆነ ጋዝ ይፈጥራል ያብጣል፣ ሊፈነዳም ይችላል። መለያው ቀላል ነው፣ ቮልቱን እዪ። 1.2 ቮልት የሚል ከሆነ ቻርጅ የሚደረገው ኒኬል ነው፣ 1.5 የሚለው በአብዛኛው ተራው ነው። በቅርቡ የዩኤስቢ ቀዳዳ ያላቸው ባለ 1.5 ቮልት ሊቲየም ድንጋዮችም መጥተዋል፣ እነሱ በራሳቸው ገመድ ብቻ ነው ቻርጅ የሚደረጉት እንጂ የኒኬል ቻርጀር ውስጥ አይገቡም።

ጥያቄ፦ ሀዋሳ ኤሌክትሪክ የምማር ተማሪ ነኝ። ከድሮ ላፕቶፕ ያወጣኋቸው 18650 የሚባሉ የሊቲየም ባትሪዎች አሉኝ፣ 12 ቮልት 10 ዋት የሆነ ሶላርም አለኝ። ቀጥታ አገናኝቼ ቻርጅ ባደርጋቸውስ? ዳዮድ አስገባለሁ።

መልስ፦ ወንድሜ አታድርገው። ዳዮዱ ማታ ኃይል ወደ ኋላ እንዳይፈስ ብቻ ነው የሚጠብቅህ፣ ከመጠን በላይ ከመሙላት አይጠብቅህም። 12 ቮልት የሚባለው ፓነል ስሙ ነው እንጂ ምንም ሳይጫንበት ስትለካው 21 ወይም 22 ቮልት ነው የምታገኘው፣ ሲሰራም 17 18 አካባቢ ነው። 18650 ደግሞ 4.2 ቮልት ላይ መቆም አለበት፣ ከዛ ካለፈ ውስጡ ሊቲየም እንደ ብረት ይጋገራል፣ ጋዝ ይፈጠራል፣ መጨረሻው እሳት ነው። ይሄንን ቤት ውስጥ፣ ሰው በተኛበት ማድረግ አይቻልም።

ለአንተ የሚሆነው እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ከፓነሉ ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ነገር አስገባ፣ በጣም ቀላሉ የመኪና ዩኤስቢ ቻርጀር ነው፣ ከ12 እስከ 24 ቮልት የሚቀበለውን ምረጥ። ከዛ ቲፒ4056 የምትባለዋን ትንሽ የሊቲየም መሙያ ሰሌዳ አስገባ፣ 4.2 ላይ ራሷ ታቆማለች። ሁለት ዓይነት አለች፣ የባትሪ መከላከያ ያላትን ግዛ፣ እሷ ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይወርድም ትዘጋለች። ፓነሉን ቀጥታ ሰሌዳዋ ላይ እንዳትሰካ፣ ከ8 ቮልት በላይ አትችልም፣ ትቃጠላለች። ሰሌዳዋ እንደመጣች 1 አምፒር ነው የምትስበው፣ በ10 ዋት ፓነል በደህና ፀሐይ ይሄዳል፣ 5 ዋት ፓነል ቢሆን ግን ፓነሉን ትጎትተውና ይወርድባታል፣ እንደዛ ከሆነ 1.2 ኪሎ ኦም የሆነችውን ሬዚስተር በ2 ኪሎ ኦም ቀይር፣ 580 ሚሊአምፒር ትሆንልሃለች። ለመምህሩ ከላይ እንዳልኩት ሊቲየም በደመና መቆራረጥ አይደናገርም፣ ስለዚህ አንተ መሃል ላይ ሌላ ፓወር ባንክ አያስፈልግህም።

ከላፕቶፕ የወጡትን ደግሞ አንድ በአንድ ለካ። ከ2 ቮልት በታች ሆኖ ከርሞ የተገኘውን ተወው፣ አታስነሳው። ቻርጅ ሆኖ ሳምንት ሳይቆይ ቮልቱ የሚወርደውንና ቻርጅ ሲደረግ የሚግለውንም እንዲሁ። አዲስ ልግዛ ካልክ 9900 ኤምኤኤች ምናምን የሚል ጽሑፍ ያለውን አትመን፣ በዚህ መጠን ጥሩ የሚባለው 18650 የሚይዘው ከ3000 እስከ 3500 አካባቢ ነው። ክብደቱም ይነግርሃል፣ ደህናው 45 ግራም አካባቢ ይመዝናል፣ ውሸታሙ ቀለል ይላል። ከሶላር ፋኖስ የወጣ ባትሪ ካለህ ደግሞ ተጠንቀቅ፣ ብዙዎቹ ሊቲየም አይረን ፎስፌት ናቸው፣ 3.2 ቮልት የሚል ይጻፍባቸዋል፣ ሙላታቸው 3.65 ነው፣ በቲፒ4056 ከሞላሃቸው ከልክ በላይ ነው የምትሞላቸው።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ጎጃም ገጠር ላሉት አባቴ ሬዲዮ የሚያዳምጡበት ድንጋይ መግዣ በየጊዜው ብር ይልካሉ ቤተሰቦቼ። አሁን ሰው ስለሚሄድ ሶላርና ቻርጅ የሚደረግ ድንጋይ ልላክላቸው ብዬ ነው፣ ምን ልግዛ?

መልስ፦ እግዜር ይስጥሽ እህቴ፣ ደህና ስጦታ ነው። መጀመሪያ የአባትሽ ሬዲዮ የትኛውን ድንጋይ እንደሚወስድ አስጠይቂ። ትልቁን ድንጋይ ከሆነ የሚወስደው ቻርጅ የሚደረግ ትልቅ ድንጋይ ከመግዛትሽ በፊት ኤምኤኤቹን እዪ፣ ብዙዎቹ ውስጣቸው ደብል ኤ ነው፣ ላዩ ላይ ትልቅ ቆርቆሮ ለብሶ ነው የሚሸጠው፣ 2500 የሚል ካየሽ እሱ ነው። እውነተኛው 8000 ወይም 10000 ይላል፣ አንዱ ከ150 ግራም በላይ ይመዝናል፣ ዋጋውም ከበድ ይላል፣ ለሱ የሚሆን ቻርጀርም ለብቻው ነው የሚገዛው። ለኔ የሚሻለው ደብል ኤ ገዝቶ ወደ ትልቁ መጠን በሚቀይር ፕላስቲክ ቤት ውስጥ መክተት ነው። ሬዲዮ ኃይል አይበላም፣ ደብል ኤ ይበቃዋል፣ ቻርጀሩም ከየትም ይገኛል።

ከኒኬል ውስጥ ደግሞ ሳይነካ ቢቀመጥ ቶሎ የማያልቀውን ዓይነት ፈልጊ፣ ማሸጊያው ላይ ቻርጅ ሆኖ ነው የመጣው ይላል። የመጀመሪያው ታዋቂ ኤኔሉፕ ነው፣ ሳንዮ በ2005 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ አሁን ፓናሶኒክ ነው የሚሸጠው፣ የሌሎችም ጥሩ ጥሩ አለ። ይሄ ዓይነት ዓመት ቢቀመጥ አብዛኛው ኃይሉ አብሮት አለ፣ የድሮው ኒኬል ግን በወራት ውስጥ ባዶውን ይቀራል። 2800 ከሚለው ይልቅ 2000 የሚለውን ግዢ፣ ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ የተሻለ አይመስልሽ፣ በጣም የተጠቀጠቀው ዕድሜው ያጥራል።

ቻርጀሩ እያንዳንዱን ድንጋይ ለብቻ የሚለካ ይሁን፣ ጥንድ ጥንድ ብቻ የሚቀበለው አንዱን አሳንሶ አንዱን አብዝቶ ነው የሚሞላው። የዩኤስቢ መግቢያ ይኑረው። ከ10 እስከ 20 ዋት ያለው ሶላርና አንድ ፓወር ባንክ ጨምሪ። የሚወስድልሽ ሰው ፓወር ባንኩን በእጁ በሚይዘው ቦርሳ ይያዘው፣ ሻንጣ ውስጥ ገብቶ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ አይሄድም፣ እስከ 100 ዋት ሰዓት ያለው ነው የሚፈቀደው፣ 20000 ኤምኤኤች የሚለው 74 ስለሆነ ያልፋል። ድንጋዩን ሁለት ስብስብ አድርጊው፣ አንዱ ሬዲዮ ውስጥ ሲሆን ሌላው ቻርጅ ላይ ይሆናል፣ ካልሆነ አባትሽ ዜና ሰዓት ላይ ድንጋዩ ቻርጀር ውስጥ ይሆንባቸውና ተመልሰው ሱቅ ይሄዳሉ። አብሮ ገመዱ የት እንደሚሰካ በስልክሽ ቪዲዮ ቀርጸሽ ላኪ፣ ለሰፈር ልጅ ያሳዩታል።

ጥያቄ፦ ሶላሩን ወዴት ላዙረው? ክረምትስ ይሰራል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አዲስ አበባ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ነው በስተሰሜን፣ ስለዚህ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከላያችን ብዙ አትርቅም። በበጋ ወደ ደቡብ ትንሽ ዘንበል ያድርጉት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መገባደጃ ባለው ጊዜ ግን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ በስተሰሜናችን ናት፣ ያኔ ወደ ደቡብ የዘነበለ ፓነል ፊቱን እያዞረባት ነው፣ ዝርግ አድርጎ ማስቀመጥ ይሻላል። ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ደግሞ ከቻሉ ጠዋት ወደ ምሥራቅ፣ ከሰዓት ወደ ምዕራብ ያዙሩት፣ ያ ከማንኛውም ስሌት በላይ ይጠቅማል። ዋናው ሰዓት ከ3 እስከ 9 ነው።

ክረምት ይሰራል፣ ግን ሐምሌና ነሐሴ ላይ የበጋውን ግማሽም ላያገኙ ስለሚችሉ አንድ ቀን የነበረውን ሁለት ሦስት ቀን ይጠብቁ። ጠዋት ጠዋት ብዙ ጊዜ ይከፈታል፣ ዝናቡ ከሰዓት ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ ክረምት ላይ ፓነሉን ቀድመው ያውጡት። ሌላው ጥላ ነው። ፓነሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች በተርታ የተያያዙ ናቸው፣ አንዷ ላይ የልብስ ማድረቂያ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ ጥላ ካረፈ የሁሉንም ነው የሚቀንሰው፣ ትንሽ ጥላ ትንሽ ነው የሚጎዳው ብለው እንዳያስቡ። መስኮት ውስጥ ከመስተዋት ኋላ ማስቀመጥም ብዙ ያስቀርብዎታል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ይጥረጉት።

ጥያቄ፦ ድንጋይ ሙሉ በሙሉ ካላለቀ ቻርጅ አይደረግም ይላሉ፣ እውነት ነው?

መልስ፦ ይሄ ከድሮው ኒኬል ካድሚየም የቀረ ወሬ ነው። አሁን ለሚሸጠው ኒኬል አያስፈልግም፣ በፈለጉት ሰዓት ይሙሉት። ለሊቲየም ጭራሽ ጎጂ ነው፣ ባዶ እስኪሆን አይጠብቁ።

ጥያቄ፦ ለግድግዳ ሰዓትና ለሪሞትስ ቻርጅ የሚደረገውን ላድርግ? ድንጋዮቼንስ መቼ ልጣላቸው?

መልስ፦ ሰዓትና ሪሞት የሚወስዱት ኃይል በጣም ትንሽ ነው፣ ተራ ድንጋይ ዓመትና ከዛ በላይ ያስኬዳቸዋል፣ እዛ ላይ ቻርጅ የሚደረገውን ማሰር ብር ማሰር ነው። እሱን በየቀኑ ለሚበላው ያድርጉት፣ ለእጅ ባትሪ፣ ለሬዲዮ፣ ለልጆች መጫወቻ።

ድንጋዮችዎን አብረው የተገዙትን አብረው ይጠቀሙ፣ በማይጠፋ እስክሪብቶ ሁለት ሁለቱን አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፉባቸው። አሮጌና አዲስ ተቀላቅሎ አንድ ዕቃ ውስጥ ሲገባ ደካማው ቀድሞ ያልቅና ጠንካራው በግድ ወደ ኋላ ይነዳዋል፣ ያኔ ነው ድንጋይ የሚበላሸው። ከሙሉ ቻርጅ በኋላ ድሮ ከሚሰራው ግማሹን ብቻ የሚሰራ ከሆነ፣ ወይም ቻርጀሩ ውስጥ ከጓደኞቹ ተለይቶ የሚግል ከሆነ ጊዜው አልፏል። እሳት ውስጥ እንዳይጥሉት፣ ልጆች በማይደርሱበት በፕላስቲክ ዕቃ ያጠራቅሙት፣ ሊቲየም ከሆነ ደግሞ ሁለቱንም ጫፍ በፕላስተር ይሸፍኑት።